በሥዕል የታየችው ደጅ

ሰው የሚሻውን ነገር ሁልጊዜ በስሙ አይጠራውም። አንዱ ሀገር አያለሁ ብሎ ስንቁን ይዞ ይነሣል፤ ነገር ግን የሚሄደው ተጣልቶ ወደ ተለየው ወንድሙ ነው። ሌላው መጽሐፍ ልዋስ ብሎ የባልንጀራውን ደጅ ይመታል፤ የሚሻው ግን መጽሐፉን ሳይሆን ዕርቁን ነው። አፍ የሸሸገውን እግር ያወጣዋል። ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረውም አንዲት ያማረች ቤት ፍለጋ ባሕር ተሻግረው ስለ ሄዱ አንድ የቅኔ መምህር ነው። ስማቸው ባይጠራ ከነገሩ የሚጐድል የለም። ዓመታቱም ሁሉ የተጻፉት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

እኒህ መምህር በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ቤት ወጥተው፥ አኩፋዳ አንግተው በጎጃም ከቅኔ ቤት ወደ ቅኔ ቤት ሲዞሩ ያደጉ፥ ከጉባኤ ቃና እስከ ዕጣነ ሞገር ተቀኝተው የተመረቁ ናቸው። ኋላም ወደ አዲስ አበባ መጥተው በአንድ ደብር ወንበር ዘርግተው ሲያስተምሩ ኖሩ። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ በሙያው ቢሳሳት አይቈጡም፤ ሐሰት ሲናገር ቢይዙት ግን በዚያ ቀን ከጉባኤው ያስወጡታል። «ወርቅ ሳይኖረው ሰም ብቻ የሚያቀርብ ተማሪ ሌባ ነው» ማለት ልማዳቸው ነበረ።

ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ታላቂቱ ሴት ልጃቸው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለትምህርት ወደ ሮማ ሄደች። በመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ቢያልቅባት ትምህርቷን ትታ፥ አንዲት ኢጣልያዊት ባልቴት በቤቷ ለመጦርና ለማስታመም ተቀጠረች። ለአባቷ ግን «እማራለሁ» እያለች ሰባት ዓመት ኖረች። በሰባተኛው ዓመት ከሮማ የመጣ አንድ መንገደኛ ነገሩን ሳያስበው በገበታ ላይ አወጣው። መምህሩም የያዙትን ጕርሻ ወደ መሶቡ መልሰው ተነሡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ ከልጃቸው ጋራ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ባለቤታቸው ከማድ ቤት ሆነው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በስልክ ያነጋግሯት ነበር፤ እርሳቸውም እንዳልሰሙ ሆነው ዳዊታቸውን ይደግሙ ነበር።

በአንድ የፋሲካ ሰሞን ማታ ታናሹ ልጃቸው እናቱን ደስ ለማሰኘት አንድ የቈየ ፊልም በቴሌቪዥን አሳየ። ይህም ፊልም «ሮማን ሆሊደይ» የሚባለው፥ ዊልያም ዋይለር የተባለ አሜሪካዊ በ1952 ዓመት በሮማ ከተማ አዘጋጅቶ በ1953 ዓመት ያወጣው፥ በጥቍርና በነጭ የተነሣ የፍቅርና የሳቅ ጨዋታ ነው። ነገሩም እንዲህ ነው፤ አንዲት የንጉሥ ልጅ የቤተ መንግሥት ሥርዐት ቢሰለቻት በሌሊት አምልጣ በከተማ ስትዞር አንድ ጋዜጠኛ ያገኛታል። እርሷ ማን እንደ ሆነች ትሰውረዋለች፤ እርሱም ታሪኳን ጽፎ ገንዘብ ለማግኘት አስቦ ሥራውን ይሰውራታል። እንግዲህ ሁለት ሐሰተኞች አንድ ቀን አብረው ይውላሉ፤ በመጨረሻ ግን እውነቱን ዐውቀው ተከባብረው ይለያያሉ። የንጉሥ ልጅ ሆና የተጫወተችው ኦድሪ ሄፕበርን፥ ጋዜጠኛ ሆኖ የተጫወተውም ግሪጎሪ ፔክ ነበሩ።

መምህሩ «ይህ የወጣቶች ጨዋታ ነው» ብለው መጽሐፋቸውን በጕልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀመጡ። ነገር ግን ዓይናቸው ከመጽሐፉ ላይ አልረጋም። በፊልሙ እኩሌታ ሁለቱ ሰዎች በአንድ አሮጌ ቤት ደጀ ሰላም ገብተው፥ በግንቡ ላይ ተደግፎ ከቆመ አንድ ትልቅ የእብነ በረድ ፊት ዘንድ ይቆማሉ። ጋዜጠኛው ይህ ፊት ሐሰተኛ ሰው እጁን በአፉ ቢያገባ ይቈርጠዋል እየተባለ እንደሚነገር ይነግራታል። እርሷ እጇን አቅርባ ትፈራለች። እርሱ ግን እጁን አግብቶ ይጮኻል፤ ሲያወጣውም እጁ የለም። ልጅቱ በድንጋጤ ትጮኻለች፤ ኋላ እጁን በእጅጌው ውስጥ ሸሽጎት እንደ ነበረ ታያለች። በቤት ያሉት ሁሉ ሳቁ። መምህሩ ግን «መልስልኝ» አሉ።

ልጃቸው ሳቁን ሊያዩ የፈለጉ መስሎት መለሰላቸው። ሁለተኛ «መልስልኝ» አሉ፤ ሦስተኛም። በሦስተኛው «እዚህ ላይ አቁመው» ብለው መነጽራቸውን አደረጉና ወደ ሥዕሉ ቀርበው ቆሙ። ፔክንም ሄፕበርንንም አላዩም። ያዩት ጥላውን፥ አሮጌውን ግንብ፥ ብርሃኑ ከውጭ ገብቶ በወለሉ ላይ የወደቀበትን መንገድ ነው። «ይህ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው» አሉ። ልጃቸውም «ለፊልም ሲባል በጄሶ የተሠራ ይሆናል» አለ። መምህሩ «ፊልሙ ሲጀመር ሁሉ በሮማ ከተማ እንደ ተነሣ በጽሕፈት ተጽፎ አላየህምን? ደግሞ ደጀ ሰላም ሳይ ልሳሳት አልችልም። ሰው እንዲህ ባለ ጥላ ውስጥ ሲገባ ሳያስበው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል» አሉት። ወዲያውም «ቤቷን ፈልግልኝ» ብለው አዘዙ።

ልጁ በማግሥቱ የጭምብሉን ስም አመጣ፤ ኢጣልያውያን «ቦካ ዴላ ቬሪታ» ማለት የእውነት አፍ ይሉታል። መምህሩ «ስለ ድንጋዩ አልጠየቅሁህም፤ ስለ ቤቷ ነው» ብለው መለሱት። በሦስተኛው ቀን የቤቷን ስም አመጣ፤ ሳንታ ማርያ ኢን ኮስሜዲን ትባላለች። የማርያም ቤት መሆኗን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ነገር ግን «ኮስሜዲን» የሚለው ቃል አስቸገራቸው። ስለዚህ በግሪክ ሀገር ነገረ መለኮት ተምሮ ወደ ተመለሰ አንድ ቄስ ዘንድ ሄደው ጠየቁት። እርሱም «ከኮስሞስ የወጣ ነው፤ ኮስሞስም በግሪክ ዓለም ማለት ነው፥ ደግሞም ጌጥ ማለት ነው። እንግዲህ ቤቷ ያጌጠች ተብላለች» አላቸው። የቅኔ ሰው ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ ሊያልፍ አይችልም። አንዱ ቃል ዓለምንም ጌጥንም ከያዘ፥ ያ ፊልም ዓለሟን አሳይቶ ጌጧን ሰውሯል ማለት ነው እያሉ መንገዱን በእግራቸው ተመለሱ።

ታሪኳንም ቀስ በቀስ ሰበሰቡ። ቤቷ ከቲቤር ወንዝ አጠገብ፥ ጥንት የሮማ የከብት ገበያ በነበረበት ስፍራ ናት። በስድስተኛው መቶ ዓመት ዲያቆናት ለድኾች እህል የሚያድሉባት ቤት ነበረች። በስምንተኛው መቶ ዓመት በቍስጥንጥንያ ሥዕል የሚሰብሩ ነገሥታት በተነሡ ጊዜ ከዚያ የሸሹ የግሪክ መነኮሳት ወደ ሮማ መጡ፤ ቀዳማዊ ሐድርያኖስ የተባለው የሮማ ጳጳስም ቤቷን አስፍቶ ሠርቶ ለእነርሱ ሰጣቸው። መምህሩ ይህን ሲያነቡ ፈገግ አሉ፤ ስለ ቅዱሳት ሥዕላት የተሰደዱ መነኮሳት የተጠለሉባት ቤት ለእርሳቸውም የተገለጠችው በሥዕል ነውና።

ልጃቸው ግን ስለ ፊልሙም አንድ ነገር አነበበላቸው። ድርሰቱን የፈጠረው ዳልተን ትራምቦ የተባለ ሰው ነበረ። ይህ ሰው በዚያ ዘመን በአሜሪካ ኮሙኒስት ናቸው ተብለው ሥራ ከተከለከሉት ጸሐፊዎች አንዱ ስለ ነበረ፥ ስሙ ከፊልሙ ላይ ቀርቶ የወዳጁ የኢያን ማክሌላን ሀንተር ስም ተጻፈ። ለድርሰቱ የተሰጠው የኦስካር ሽልማትም በዚሁ ወዳጁ ስም ሆነ። ትራምቦ በ1976 ዓመት ሞተ። ሽልማቱ በስሙ ለመበለቲቱ የተሰጣት በ1993 ዓመት ሲሆን፥ የደራሲነት ስሙም የተመለሰለት በ2011 ዓመት ነው። መምህሩም «ስለ እውነት አፍ የሚናገር ጨዋታ ራሱ በሐሰት ስም ወጣን?» ብለው ተገረሙ። ጥቂት ቈይተው ግን «ያ ሰው ስሙን የሸሸገው ልጆቹን ለማብላት ይሆናል» አሉ። ይህን ከተናገሩ በኋላ ነገሩ ያልተመቻቸው ይመስል ተነሥተው ወጡ።

ባለቤታቸው ይህን ሁሉ ይመለከቱ ነበር። በሮማ ከተማ ስንት መቶ አብያተ ክርስቲያናት እንዳሉ፥ በኤውሮፓም ስንት ያማረ ሕንፃ እንዳለ ያውቃሉ፤ መምህሩ ስለ አንዱም ጠይቀው አያውቁም። የሮማን ካርታ ዘርግተው በጣታቸው መንገድ ሲከተሉ ባዩ ጊዜ «ቤቷን ይፈልጓት። እርሷን ሲያገኙ ሌላም ነገር ያገኙ ይሆናል» አሏቸው። መምህሩ ካርታውን አጠፉት፤ አልመለሱም።

በዚያው ዓመት በሮማ የሚኖሩ የተዋሕዶ ምእመናን ለአንድ የእመቤታችን በዓል መምህር ይላክልን ብለው ቢጠይቁ፥ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተጠይቀው እንቢ ያሉት እኒህ መምህር በሦስተኛው «እሄዳለሁ» አሉ። ለሚጠይቃቸውም ሁሉ «አንዲት የጥንት ቤተ ክርስቲያን ላይ ነው» ይሉ ነበር። ሮማ ደርሰው በአንድ ዲያቆን ቤት አደሩ። ሦስት ቀን ካስተማሩ በኋላ «ነገ ወደዚያች ቤት ውሰደኝ» አሉት። ዲያቆኑም «እኔ ሥራ እገባለሁ፥ የኔታ፤ መንገዱን የሚያውቅ ሰው እልክልዎታለሁ» አላቸው። በማግሥቱ በር ሲከፈት የቆመችው ልጃቸው ናት።

ጕልበታቸውን ልትስም ጐንበስ አለች። መምህሩ እጃቸውን አልሰጧትም፥ አልከለከሏትምም። «መንገዱን ታውቂዋለሽ?» ብቻ አሉ። «አውቀዋለሁ፥ አባባ» አለች።

በምድር ውስጥ በሚሄደው ባቡር ሄደው፥ ቺርኮ ማሲሞ ከሚባለው ጣቢያ ወጡ። ከጣቢያው እንደ ወጡ ሰፊ አደባባይ አለ፤ በአደባባዩም ዳር የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ትልቅ ሕንፃ ቆሟል። ልጅቱ በዚያ ቆመችና «አባባ፥ የአክሱም ሐውልት የነበረው እዚህ ላይ ነው» አለች። መምህሩ በትራቸውን ተክለው ቆሙ። ይህ ሐውልት ቁመቱ 24 ሜትር የሚሆን፥ ከ150 ቶን በላይ የሚመዝን፥ በ1937 ዓመት ከአክሱም ተወስዶ በዚህ ስፍራ የተተከለ ነው። በ1947 ዓመት ኢጣልያ በፈረመችው የሰላም ውል ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስ በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ ለመመለስ ቃል ገባች። የተመለሰው ግን በ2005 ዓመት ነው፤ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ሄዶ በ2008 ዓመት በአክሱም ተተከለ።

መምህሩም በልባቸው ቈጠሩና «ሐምሳ ስምንት ዓመት» አሉ። «እንግዲህ ያን ፊልም በሚያነሡበት ጊዜ የኛ ሐውልት በዚህ ቆሞ ነበር። የእውነት አፍ ያሉት ድንጋይ በሜዳው በዚያኛው ዳር፥ ቃል የተበላበት ድንጋይ በዚህኛው ዳር።» ልጅቱ «እኔ ስመጣ ስፍራው ባዶ ነበር። ቢሆንም በመጀመሪያው ዓመት ሲከፋኝ እዚህ መጥቼ እቀመጥ ነበር» አለች። አባቷ ስለ ምን እንደ ከፋት አልጠየቁም፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ እርምጃቸውን ከእርሷ ጋራ አስተካከሉ።

ከዚያ እስከ ቤተ ክርስቲያኗ ድረስ ጥንት የፈረስ ሠረገላ ይሽቀዳደምበት የነበረ ረጅም ሜዳ አለ። በዳሩ ሲሄዱ ልጅቱ «ፊልሙን እኔም ዐውቀዋለሁ። የምጦራት ባልቴት ትወደዋለች፤ በወር አንድ ጊዜ እናየዋለን» አለች። ቀጥላም ባልቴቲቱ የነገረቻትን ነገረቻቸው፤ ያች የንጉሥ ልጅ ሆና የተጫወተችው ኦድሪ ሄፕበርን በልጅነቷ በጦርነቱ ዘመን በሆላንድ ረኀብ ያየች ነበረች፤ በሸመገለችም ጊዜ በ1988 ዓመት በዩኒሴፍ ስም ወደ ኢትዮጵያ መጥታ በመቀሌ የተራቡ ሕፃናትን ጐበኘች። መምህሩ «በፊልሙ የንጉሥ ልጅነቷ ሐሰት ነበረ፤ ይህ ግን እውነት ነው» አሉ። ለልጃቸው ከአራት ዓመት ወዲህ የተናገሩት ረጅም ቃል ይህ ነበረ።

ቤቷ ታየች። በፊልሙ ጥላ ብቻ የነበረችው አሁን ሙሉ ሆና ቆመች፤ ከሸክላ የተሠራ፥ ሰባት ደርብ ያለው፥ ወደ 34 ሜትር የሚሆን የደወል ግንብ፥ በፊቷም ቅስት ያለው ደጀ ሰላም። ግንቡና ደጁ የዐሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው። በ1718 ዓመት ፊቷን ዘመኑ በወደደው ጌጥ ሸፍነውት ነበር፤ በ1894 ዓመት ጀምረው ግን በአምስት ዓመት ውስጥ ያን አውልቀው የቀድሞውን መልኳን ገለጡት። መምህሩ ባርኔጣ አያደርጉም፤ የጠመጠሙትን አስተካክለው፥ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ።

በደጀ ሰላሙ ግን ብዙ ሕዝብ ተሰልፏል። ከየሀገሩ የመጣው ሰው ሁሉ ተራውን ጠብቆ እጁን በድንጋዩ አፍ አግብቶ፥ ሥዕል ተነሥቶ ይሄዳል። ጭምብሉ ክብ ነው፤ ስፋቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ይበልጣል፤ ከሺሕ ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ወደዚህ ደጅ የመጣውም በ1632 ዓመት ነው። ሊቃውንት የጥንት የውሃ መውረጃ ክዳን ሳይሆን አይቀርም ይሉታል። መምህሩ «ለውሃ መውረጃ ክዳን ይህን ያህል ሰው ይሰለፋል፤ ወደ ውስጥ የሚገባ ግን አላይም» አሉ። ቢሆንም ልጃቸው ከሰልፉ ጫፍ ስትቆም እርሳቸውም ከአጠገቧ ቆሙ።

ሰልፉ ቀስ እያለ ሄደ። ተራቸው ሊደርስ ሦስት ሰው ሲቀር ልጅቱ ድንጋዩን እያየች «አባባ፥ እጅዎን ያገባሉን?» አለች። ቃሏ እንደ ጨዋታ ነበረ፤ ድምፅዋ ግን ጨዋታ አልነበረም። መምህሩም «ለድንጋይ አልናገርም፤ ላንቺ እናገራለሁ። ነይ» ብለው እጇን ይዘው ከሰልፉ አወጧት። በዚያ ቀን የነኳት ያን ጊዜ ነው።

መድረኩን ተሳልመው ገቡ። ውስጡ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ነው። ዐምዶቹ ከጥንት ቤቶች የተወሰዱ ስለ ሆኑ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም፤ ወለሉ በልዩ ልዩ ቀለም ባለ የእብነ በረድ ስብርባሪ በጥበብ ተነጥፏል፤ በመካከሉም ለመዘምራን የተከለለ የእብነ በረድ ስፍራ አለ። መምህሩ ይህን አይተው «ቅኔ ማኅሌት አላቸው» አሉ። በዚህች ቤት ዛሬ የሚቀድሱት በግሪክ ሥርዐት የሚጸልዩ መለካውያን ካቶሊኮች ናቸው። መምህሩ በሃይማኖት ያለውን ልዩነት ጠንቅቀው ያውቃሉና በጸሎታቸው አልተባበሩም፤ የእመቤታችንን ሥዕል ግን እጅ ነሥተው በዳር ካለ ወንበር ተቀመጡ። ልጃቸውም ከአጠገባቸው ተቀመጠች።

«አራት ዓመት ሙሉ ልጄ ዋሸችኝ እያልሁ ኖርሁ» አሉ። «የደብሩ ሰው ልጅዎ ትምህርቷን ጨረሰች ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ግን ልትጨርስ ነው እለው ነበር። አንቺ የጀመርሽውን ሐሰት ጠብቄ ያኖርሁት እኔ ነኝ። ደግሞም ሌላ አለ። የቤታችን ጣራ በምን ገንዘብ እንደ ተለወጠ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። የወንድምሽ ትምህርት በምን እንደ ተከፈለ አልጠየቅሁም። ድምፅሽን እንቢ አልሁ፤ ገንዘብሽን ግን እንቢ አላልሁም። ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ ከጉባኤ አስወጣዋለሁ።»

ልጅቱ ቶሎ አልመለሰችም። ኋላ ግን «እኔ የዋሸሁት ፈርቼ ነው፤ ልንቅዎ አይደለም» አለች። «የቅኔ መምህር ልጅ የሰው ቤት ትጠርጋለች እንዳይባሉ ብዬ ነው። ነገር ግን እውነቱን ልንገርዎ ካሉኝ ያመመኝ እርሱ አይደለም። በየዓመት በዓሉ ስደውል ድምፅዎን ከኋላ እሰማው ነበር፤ ዳዊት ሲደግሙ። እማዬን አባባን አቅርቢልኝ ስላት ተኝተዋል ትለኝ ነበር። እኔና እርስዎ ሆነን እማዬንም ውሸት አስተማርናት።»

መምህሩ በዚህ ቃል ተመቱ። ሴትየዋ ሠላሳ አምስት ዓመት በትዳር ሲኖሩ ሐሰት ሲናገሩ ሰምተዋቸው አያውቁም ነበርና። ራሳቸውን ደፍተው ብዙ ቈዩ። ከዚያም «ይቅር በይኝ» አሉ። አባት ለልጁ ይህን ቃል ሲናገር በሀገራችን ብዙ አይሰማም፤ ልጅቱም መልስ ስታጣ ተነሥታ እጃቸውን ሳመች፤ አሁን ሰጧት። ከደጅ የሚጮኹና የሚስቁ ሰዎች ድምፅ ይሰማ ነበር፤ አንዱ እጁን በእጅጌው ሸሽጎ ባልንጀራውን እያስደነገጠ ይሆናል።

ሲወጡ በሰልፉ አጠገብ አለፉ፤ ተመልሰው አልተሰለፉም። ማታም መምህሩ በራሳቸው እጅ ወደ ቤታቸው ስልክ ደወሉ። ባለቤታቸው «አገኟት?» ብለው ጠየቁ። መምህሩም «አገኘኋት» አሉ። ባለቤታቸው የትኛዋን ማለታቸው እንደ ሆነ አልተናገሩም፤ መምህሩም አልጠየቁም። ብቻ ስልኩን ለልጃቸው ሰጥተው፥ እናትና ልጅ ሲነጋገሩ፥ ዳዊት ሳይደግሙ ዝም ብለው አጠገቧ ተቀመጡ።

በእሑድ የበዓሉ ቅዳሴ ከተፈጸመ በኋላ ምእመናኑ በአዳራሽ ለገበታ ተሰበሰቡ። መምህሩ ልጃቸውን በቀኛቸው አስቀመጧት። አንድ ሽማግሌ «የኔታ፥ ልጅዎ ይህች ናት? ትማራለች ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ምን ተማረች?» አላቸው። በገበታው ያሉት ብዙዎቹ እውነቱን ያውቁ ስለ ነበር ዝም አሉ። መምህሩም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አትማርም። አንዲት ባልቴት ትጦራለች። እኔንም አሥር ዓመት ስትጦረኝ ኖራለች፤ ያወቅሁት ግን በዚህ ሳምንት ነው» አሉ።

ሽማግሌው አፍሮ ወደ መሶቡ ጐነበሰ። ጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያም በገበታው ጫፍ ተቀምጣ የነበረች፥ ዕድሜዋ ሃያ አምስት የማይሞላ አንዲት ወጣት «የኔታ፥ የኔም ሥራ እርሱ ነው። አባቴ ግን ነርስ ነች ብሎ ለሀገሩ ሁሉ ይናገራል» አለች።

መምህሩ ለጕርሻ ያዘጋጁትን እንጀራ በእጃቸው እንደ ያዙ ወደ እርሷ ተመለከቱ። «አባትሽ በሕይወት አለ?» አሏት። «አለ» አለች። «እንግዲያማ ዛሬ ማታ ደውይለት» አሉና ጕርሻውን ለልጃቸው አጐረሱ።